የመብራት ደብተር

ሆቴሉ ተዘጋ፤ ቁልፉን አስረከብኩኝ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ “እንኳን ደህና መጡ” ያልኩኝ።
ማራኪ፣ ቤቴ ውስጥ፣ ከጓዳዬ ጥግ ላይ
አንዲት ባዶ ቦታ ቁጭ ብዬ ሳይ፣ ሳይ፣
“ጫጩት ላስፈልፍል” አልኩ።
አቸነፍ ባሌ ሳቀ፦ “ዶሮዋስ?”
“ዶሮዋ ማሽን ናት” አልኩት።

የእቁብ ብር አለችኝ፣ በሻሽ የቋጠርኳት፣
አርባ ሁለት ሺህ፣ ማታ ማታ የቆጠርኳት።
የእህቴ ልጅ ሱራፌል ስልኩን ይዞ መጣ፣
በጣቱ እየገፋ ዕቃ በዕቃ አወጣ።
“ይቺን እያት አክስቴ! ዘጠና ስድስት እንቁላል
በራሷ ታገላብጣለች፣ ቁጥሩ ፊቷ ላይ ያበራል፤
አዲስ አበባ ብትሆኚ እንኳ ስልክሽ ይነግርሻል።”
እኔ አዲስ አበባ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?
እንቁላሌ ጓዳ፣ እኔም ጓዳ አለሁ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። ድምፁ ማር የላሰ፣
ዋስትናዋን ነግሮ ቀለሟን አወደሰ፤
“መብራት ሲጠፋስ?” ስለው
ኔትወርኩ ተበጠሰ።
(ወይም እሱ በጠሰው።)

አዘዞ ደግሞ አለ ጌጤነህ አናጢው፣
የኮምፔርሳቶ ሳጥን የሚገጣጥመው፤
አምፖል ከጣሪያው ሥር፣ ፋኖስ ከወለሉ፣
ማገላበጡ ግን በእጅ ነው በሙሉ።
“ምን ያውቃል ሳጥንህ?” ብዬ ብጠይቀው
“እሱ ምንም አያውቅ፣ ማወቅ ያንቺ ነው”
አለኝ መጋዙን እየሳለው።

አልቸኮልኩም።
የልጄን ያምና ደብተር፣ ግማሹ ነጭ የቀረ፣
ከማባዛቱ ገጽ ቀጥሎ ተሰመረ፤
ቀን። መቼ ሄደ። መቼ መጣ።
መብራቱን እንደ ተከራይ ሲገባ ሲወጣ
አንድ ወር ጠበቅሁት።

ማክሰኞ፦ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ተኩል።
ዓርብ፦ ሌሊቱን በሙሉ።
ቅዳሜ፦ መጣ፣ ዓይኑን ጠቅሶ ሄደ።
እሑድ፦ ደህና አደረ፣ ደህና ዋለ።
ሰኞ፦ ሰኞን ተዉት።

አቸነፍ ጎረቤት ሰብስቦ ይስቃል፣
“ሚስቴ መብራት ኃይል ገብታለች” ይላል።
ይሳቅ። በሠላሳኛው ቀን ደመርኩት፦
ሰባ አንድ ሰዓት ጨለማ።
ምን ይሆነኛል ታዲያ ስክሪኗ ቢያምር፣
ቅርፊት ውስጥ ያለው ነፍስ ብርዱን እየሰማ?

ሳጥኑን ገዛሁት። ሁለት ቴርሞሜትር፣
አንዱ የዋሸ እንደሆን አንዱ እንዲመሰክር።
ስልሳ እንቁላል፣ በእርሳስ ምልክት ያለበት፣
በአንድ ጎኑ መስቀል፣ በአንድ ጎኑ ክበብ።
ስልኬንም አልናቅኩም፤ ደወል ሞላሁበት
ለንጋት፣ ለቀትር፣ ለመኝታ ሰዓት።
በሰባተኛው ሌሊት ባትሪውን አብርቼ
እንቁላሏን ደቀንኩ፣ ትንፋሼን ገትቼ፤
ቀይ ክር አየሁ፣ የሸረሪት እግር ያህል።
መሃሏ ነጥብ ትዘላለች።
ልብ ናት መሰል።

በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት መብራት ሄደ።
ፋኖሱን ለኮስኩት፤ ጭል ጭል አለና
ላምባው አልቆ ኖሮ እሱም ተከተለ።
ደብተሬ ላይ ሁሉን ጽፌ ላምባን ረስቻለሁ!
አቸነፍ ተነሣ። አልሳቀም።
በጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ደረደረ፣
ጋቢውን ገፎ ሳጥኑን ሸፈነ፣
ሲቀዘቅዝ እየለወጠ፣ እያጎነበሰ፣
አምስት ሰዓት ሙሉ፣
ሠላሳ ሰባት ተኩልን እየጠበቀ።
ሊነጋጋ ሲል አየሁት፣ ሳጥኑን እንዳቀፈ፣
“ዶሮዋ ተገኘች” አልኩት።

አርባ አንድ ወጡ። አሥራ ዘጠኙን
ከፍቼ አየኋቸው፤ ያየሁትን ጻፍኩ።
ሰው ጠይቆኝ “ሳጥኑ ይሻላል” አልልም።
እውነት ለመናገር፣ ያቺ ባለ ስክሪን
አልፎ አልፎ በሕልሜ ፊቷን እያበራች
“ሃምሳ አወጣልሽ ነበር” ትለኛለች።
ታወጣ ይሆናል። መብራቱ ቀጥ ያለ ዕለት
እጄን አጥፌ አልቀርም፣ እሄዳለሁ እሷው ቤት።
እስከዚያው ደብተሩ ገና ገጽ አለው፦

ረቡዕ። አምስት ሰዓት ላይ ሄደ።
ላምባ፦ ሙሉ።